ሃያ ስድስት ሱቅ በአንድ በር

ሀፊዛን የሚያሸንፍ ኮምፒዩተር ነገሌ ቦረና ገና አልገባም። ይህን ያለው የከተማው ሰው አይደለም፤ ራሷ ሀፊዛ ናት። ሰባተኛ ክፍልን እንደ ምንም ጨርሳ ስምንተኛን ከበሩ ሰላም ብላ የተመለሰች ልጅ ብትሆንም፣ ጣቶቿ ካስተማሯት ሰዎች ሁሉ ይፈጥኑ ነበር። ችግሩ፣ ምላሷ ደግሞ ከጣቶቿ ይፈጥናል። ለደንበኛ፣ ለባጃጅ ሹፌር፣ መንገድ ለጠየቃት እንግዳ ሳይቀር፣ «የታመመ ኮምፒዩተር እኔን ሲያይ ደንግጦ ይድናል» ትላለች።

የምትሠራው አጎቷ ዓብዱልሀኪም ጋ ነው። በገበያው ማዕዘን ላይ ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ጠባብ ሱቅ አላቸው። ሥራቸው ኢንተርኔት ማከፋፈል ነው። አዲስ አበባ ካለ ድርጅት አንድ ወፍራም መስመር ይወስዱና፣ ከሱቋ ጀርባ በቆመው የብረት ማማ ላይ በሰቀሏቸው አንቴናዎች ለሃያ ስድስት የገበያ ሱቆች ያዳርሳሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ፣ አንዱን በልመና፣ አንዱን በምክር፣ አንዱን በዝምድና አሳምነው የሰበሰቧቸው ደንበኞች ናቸው።

ታዲያ ሃያ ስድስቱ ሱቆች እርስ በርሳቸው በስም ቢተዋወቁም፣ ውጭ ያለው ዓለም የሚያውቃቸው እንደ አንድ ቤት ነው። ሁሉም በአንድ በር ይወጣሉ፣ በአንድ አድራሻ ይጠራሉ። ፍየል ነጋዴው ኢሕሳን ኢሜይል ቢልክ፣ የፎቶ ቤቷ ጉያቱ ብትልክ፣ ተቀባዩ ደጃፍ ላይ የሚታየው ያው የዓብዱልሀኪም አድራሻ ነው። ይህን ነገር በደግ ቀን ማንም አያስታውሰውም።

ማማውን የሚጠብቁት ሽማግሌ ኦቦ ቦናያ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ወደ ድሬ በኩል ካሉት ጥልቅ የቦረና ጉድጓዶች በአንዱ አባ ሄረጋ ነበሩ፤ የማን ከብት በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ ተራ የሚያወጣው ሰው ማለት ነው። ሀፊዛ ጠዋት ጠዋት «አካም ኦቦ፣ ከላም ወደ ኢንተርኔት ያደጉት ሰውዬ» እያለች ታልፋቸዋለች። እሳቸውም አይተዋትም፤ «ናጋ ነው። ላም እንኳ ወተት አላት፣ ያንቺ ምን አለው?» ይሏታል።

ጥቅምት ላይ፣ አጭሩ የሀገያ ዝናብ የገበያውን አቧራ ወደ ጭቃ በለወጠበት ሰኞ፣ ኢሕሳን ስልኩን እንደ ዱላ ጨብጦ ገባ። ከፊልቱ መንገድ የሰበሰባቸውን የሦስት መቶ ፍየሎች የጤና ወረቀት ለሞጆው ገዢ ልኮ ነበር። ወረቀቱ በገባበት ፍጥነት ተመልሶ መጣ። አንዴ ሳይሆን አራት ጊዜ። ሀፊዛ አድራሻውን ተሳስተሃል አለችው። እሱ አልተሳሳትኩም እያለ ሲማል ጉያቱ ከኋላው ደረሰች፤ የሷም ተመልሷል። ጉያቱ ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ሰው ፊት እውነት ለመናገር የማትሳቀቅ ሴት ናት። «ነገሌ ምን በድላ ነው ደብዳቤዋን በር ላይ የሚመልሱባት?» ብላ ወንበሩ ላይ ተዘረጋች።

መልሱ በስልክ መጣ። ደዋይዋ መስመሩን ከሚሰጣቸው ድርጅት ነበረች፤ አመለወርቅ ትባላለች። ሥራዋ አንድ ነው፤ በድርጅቱ መስመር የሚወጣውን ቆሻሻ ኢሜይል እያደነች ማስቆም። ድምጿ እንደ ሐኪም ቀዝቃዛ ነው። ከዓብዱልሀኪም አድራሻ ትናንት ብቻ አሥራ አንድ ሺህ ኢሜይል መውጣቱን ነገረቻቸው። ግማሹ «ሎተሪ ደርሶዎታል» የሚል፣ ግማሹ በሦስት ቀን ውፍረት የሚቀንስ ክኒን የሚሸጥ ነው።

ዓብዱልሀኪም በዕድሜያቸው የሚያውቁት ሰው ሁሉ ቢደመር አንድ ሺህ እንደማይሞላ፣ አሥራ አንድ ሺህ ደብዳቤ ለማን እንደሚጽፉም እንደማያውቁ አስረዷት። እሷም የላካችሁት እናንተ አይደላችሁም አለች። ከሱቆቹ በአንዱ ኮምፒዩተር ውስጥ ተንኮለኛ ፕሮግራም ገብቶ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ በባለቤቱ በር ቆሻሻ ይደፋል። ውጭ ያሉት ኢሜይል ተቀባዮች ደግሞ ማን እንደደፋ አይመረምሩም፤ ቆሻሻ የወጣበትን አድራሻ ጥቁር መዝገብ ላይ ያሰፍሩና ከዚያ በር የመጣውን ሁሉ ይመልሳሉ። የኢሕሳን ፍየሎች ወረቀት ከሎተሪው ጋር ተደባልቆ የተመለሰውም ለዚህ ነው።

ኢሕሳን ይህን ሲሰማ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለ፤ ልክ ነበር።

ቀጥላ አመለወርቅ ዋናውን ነገር ተናገረች። ዝም ካለች መዝገቡ ወደ ጎረቤት አድራሻዎች ይዛመታል፤ ሻኪሶና ክብረ መንግሥት ያሉ፣ ምንም ያላጠፉ ደንበኞች ይታገዳሉ። ስለዚህ እስከ ሐሙስ ቀን ስድስት ሰዓት ምንጩ ካልተገኘ የነገሌን መስመር ትቆርጣለች። አንዴ የተቆረጠ መስመር ደግሞ ተመልሶ እስኪቀጠል የስንት ወር ደጅ መጥናት እንዳለው ዓብዱልሀኪም ያውቁታል። እስከዚያ ሃያ ስድስቱ ሱቆች እሳቸውን ቁጭ ብለው አይጠብቁም። ስልኩን ሲያስቀምጡ እጃቸው ስድስት ዓመት ያረጀ ይመስል ነበር።

ሀፊዛ ግን ምላሷ ቀደማት። «አጎቴ፣ ለእኔ ይተዉት። ምንጩን ይዤ ካልመጣሁ የሱቁን ቁልፍ ይውሰዱብኝ።»

ያን ቁልፍ ያገኘችው ባለፈው ዓመት ነው። ከዘመድ ወገን ትምህርት አቋርጣለች ያላላት ሰው አልነበረም፤ ቁልፉን የሰጧት አጎቷ ብቻ ናቸው። አንገቷ ላይ እንደ ጌጥ ታንጠለጥለዋለች። ዓብዱልሀኪም ቁልፉን አዩና፣ እሷን አዩና፣ «ሰማሁሽ» ብቻ አሉ።

ማክሰኞ ሀፊዛ ሱቆቹን ለሁለት ከፈለቻቸው። አንቴናዎቹን የምትከፍተውና የምትዘጋው ሱቋ ውስጥ ማዕዘኑ ላይ ባለችው ላፕቶፕ ነው፤ ክዳኗ ላይ «ከሀፊዛ በስተቀር ማንም እንዳይነካ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባታል። የማከፋፈያው ሣጥን አሮጌ ስለሆነ ማን ምን እንደላከ ለይቶ አይናገርም። አመለወርቅ ግን አዲስ አበባ ሆና ከነገሌ የሚወጣውን ቆሻሻ እየቆጠረች በስልክ ትነግራት ነበር። የምሥራቁን ወገን ሱቆች ዘግታ የምዕራቡን ከፈተች፤ አመለወርቅ «ይወጣል» አለች። የምዕራቡን ዘግታ የምሥራቁን ከፈተች። «አሁንም ይወጣል።»

ሀፊዛ በሁለቱም ወገን ቆሻሻ አለ ማለት ነው ብላ ደመደመች። ገበያውን እንደ ገና ብትሰነጥቀው፣ ብትደባልቀው፣ ሰያፍ ብትቆርጠው ጠብ የሚል ነገር የለም። ኦቦ ቦናያ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ ጉድጓድ ላይ ከብት ግማሽ በግማሽ እንደማይጠጣ ነገሯት። መቶው ከብት አንድ ላይ ከገባ ገንዳውን ማን እንዳደፈረሰው አይታወቅም፤ ተራ ይያዝና አንዱ ሲጠጣ ሌላው ይቁም፣ ያኔ ውኃው ራሱ ይናገራል። ሀፊዛ ምክሩን ወደደችው። ወዲያው የራሷ ሐሳብ አስመስላ ለአመለወርቅ ነገረቻት።

ረቡዕ ጠዋት የሃያ ስድስቱን ሱቆች ስም በሩ ላይ በጠመኔ ጻፈች። ለእያንዳንዱ አሥራ አምስት ደቂቃ፤ አንዱ ሲከፈት ሃያ አምስቱ ይዘጋሉ። ገበያው መጀመሪያ ደስ አለው። ተራው የደረሰ ባለሱቅ በሩ ላይ ወጥቶ ይቆማል፣ ጎረቤቶቹ ይሰበሰባሉ፣ ሀፊዛ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ፍርዱን ታውጃለች። የመድኃኒት ቤቱ፦ ቆሻሻ። የጨርቅ ሱቁ፦ ቆሻሻ። ጉያቱ፦ ቆሻሻ። ጉያቱ ኮምፒዩተሯን ገና ባለፈው ሳምንት እንደገዛችው፣ ቆሻሻ ለመልመድ እንኳ ጊዜ እንዳላገኘ ብትከራከርም ሀፊዛ «ቁጥር አይዋሽም፣ እማማ ጉያቱ» አለቻት። ፀጉር ቤቱ ጭራሽ ኮምፒዩተር የለውም፤ ባለቤቱ በስልኩ ዜና ያያል እንጂ። እሱም ቆሻሻ ወጣ።

ሃያኛው ላይ ያለው የወርቅ ገዢ ሱቁን ቆልፎ ሻኪሶ ከሄደ ሳምንቱ ነበር። ኮምፒዩተሩ ጠፍቷል፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ በሩ ላይ ሸረሪት ድር ሠርታለች። አመለወርቅ «ይወጣል» አለች። እዚህ ላይ ትንሽ ጭንቅላት ያለው ሰው ቆም ብሎ ያስባል። ሀፊዛ ግን ጠመኔዋን አነሳችና ከስሙ ፊት «ቆሻሻ» ብላ ጻፈች።

ሃያ ስድስቱም አለቁ፤ ሃያ ስድስቱም ቆሻሻ። ሀፊዛ ገበያው መሐል ቆማ፣ በዚህ ከተማ ንጹሕ የሚባል አንድም ሰው እንደሌለ፣ ሁሉም ኮምፒዩተሩን እንደ ከብት በረት እንደያዘው ተናገረች። የጨርቅ ሱቁ ሰውዬ የሷ ሥራ እኛን ለማዋረድ ነው ወይ ብሎ ወደ ዓብዱልሀኪም ሄደ። ሌላውም ተከተለ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግማሹ ገበያ ሱቋ ፊት ተሰብስቦ ነበር። ሦስቱ ሌላ መስመር እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ኢሕሳን ፍየሎቹ ሳር እየበሉበት፣ ገዢው እየሸሸበት መሆኑን ደጋግሞ አስረዳ። ዓብዱልሀኪም ሁሉንም ይሰማሉ፣ ለማንም ክፉ አይመልሱም፤ ዓይናቸው ግን ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት አይነሳም። ሀፊዛ ይህን ስታይ አንገቷ ላይ ያለው ቁልፍ ከበዳት። ከጓደኛ ጋር ተወራርዳ የተሸነፈች አልመሰላትም፤ የአጎቷን ስድስት ዓመት በገዛ ምላሷ ልትበትን ነው።

ኦቦ ቦናያ ሰዉን በትከሻቸው ከፍለው ገቡ። ማንበብ አይችሉም፤ በጠመኔ የተጻፉትን መስመሮች ግን በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«ተራ የያዘው ስንት ነው?»

«ሃያ ስድስት፣ ኦቦ።»

«ከዚህ ጉድጓድ የሚጠጣውስ ስንት ነው?»

ሀፊዛ ስሞቹን እንደገና ቆጠረች። ዓይኗ ወደ ማዕዘኑ ሄደ። «ከእኛ ጋር… ሃያ ሰባት።»

«እኔ አባ ሄረጋ ሳለሁ የገዛ ከብቴም ተራ ይይዝ ነበር» አሉ ኦቦ ቦናያ። «ተራ አውጪው የራሱን ከብት ከተራ ካወጣ፣ ውኃው ሲደፈርስ የሰው ከብት ይመታል። ኢንታላ፣ ልጄ፣ ያንቺ ላም መቼ ነው የጠጣችው?»

«የእኔማ ንጹሕ ናት። ከእኔ በቀር ማንም አይነካትም እኮ።»

«እሱን ነው የጠየቅኩሽ» አሉ ሽማግሌው።

ሀፊዛ ላፕቶፗ ፊት ተቀመጠች። ሃያ ስድስቱንም ሱቆች አንድ ላይ ከፈተች፣ ቆሻሻ የተባሉትን ሁሉ። ከዚያ «ማንም እንዳይነካ» ከምትለዋ ላፕቶፕ ላይ ኬብሉን ነቀለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። አመለወርቅ ትቆጥራለች። ደቂቃ አለፈ። ሁለት። አምስት።

«ቆሟል» አለች አመለወርቅ። «አንድም አይወጣም። ምን አደረግሽ?»

ሀፊዛ፣ መሬት ብትከፈት ገብታ ከውስጥ ትቆልፈው ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ፊልም በነፃ የሚያወርድ ፕሮግራም አግኝታ ነበር። ሲጫን «መጀመሪያ የኮምፒዩተርሽን ቫይረስ ጠባቂ አጥፊ» አላት። አጠፋችው። እንዲያውም ፍጥነቷን አድንቃ ነበር። ማክሰኞና ረቡዕ ሱቆቹን እየዘጋች ስትከፍት፣ ያቺ ላፕቶፕ ለአፍታም አልተዘጋችም፤ ዳኛ ሆና ተቀምጣ በእያንዳንዱ ሱቅ ተራ የራሷን ቆሻሻ ስትደፋ ነበር። የወርቅ ገዢውን የተቆለፈ ሱቅ ሳይቀር አስወንጅላዋለች።

ይህን ሁሉ ደበቅ አድርጋ ልትናገር ሞከረች፤ አልሆነላትም። አንድ በአንድ ተናገረች። ኦቦ ቦናያ አልሳቁም። «ዘበኛሽን አባርሪ ያለሽን እንግዳ አስገባሽ?» ብለው ብቻ ጠየቋት። ማማ ጠባቂ ስለሆኑ ነገሩ ከሁሉ በላይ የገባቸው እሳቸውን ነበር።

ጉያቱ ግን ትስቃለች እንጂ ምን ታደርጋለች። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ብላ ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። መጀመሪያ ኢሕሳን፣ ቀጥሎ የጨርቅ ሱቁ ሰውዬ፣ በመጨረሻ ገበያው ሁሉ ተከተላት። ቁጣው በሳቁ ወጣ። ሌላ መስመር እንፈልጋለን ያሉት ሦስቱም እየሳቁ ሄዱ፤ ከሳቁ ላለመለየት ይመስላል እዚያው ደንበኛ ሆነው ቀሩ።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ዓብዱልሀኪም ለአመለወርቅ ምንጩን ተናገሩ። ምንም አልሸፈኑም፤ የኛው ላፕቶፕ ነው አሉ። እሷም አልቆርጥም አለች። ጥፋቱን ደብቆ ሰው ላይ ከሚያላክክ ደንበኛ ይልቅ፣ አገኘሁት ብሎ የሚደውል እንደሚሻላት ነገረቻቸው። ጥቁር መዝገብ ለያዙት ሰዎች ራሷ ጽፋ አድራሻው እንዲሰረዝ እንደምትጠይቅ፣ ሁለት ቀን እንደሚወስድም ጨመረች።

ሀፊዛ ላፕቶፗን ከሥሩ አጠበቻት። ፊልሞቿ፣ ፎቶዎቿ፣ ሁሉም ሄዱ። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ አጎቷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ወደ ገበያው ወጣች። በጠመኔ በጻፈችው ተራ መሠረት፣ ከመጀመሪያው ሱቅ እስከ ሃያ ስድስተኛው፣ ዐውፍ በሉኝ እያለች ዞረች። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት እንድትቀመጥ ጋብዟት ነበር፤ ሃያ አምስት ይቀረኛል ብላ አለፈች። የወርቅ ገዢው ገና ከሻኪሶ ስላልተመለሰ በተቆለፈው በሩ ፊት ቆማ ይቅርታ ጠየቀች። ጉያቱ ይህን አይታ ለሸረሪቷም አትርሺ አለቻት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የኢሕሳን ወረቀት ሞጆ ገባ። ገዢው «ተቀብያለሁ፣ ፍየሎቹን ጫን» ብሎ መለሰለት። ኢሕሳን ሱቋ ድረስ መጥቶ ስልኩን ለሁሉም አሳየ፤ «ተቀብያለሁ» የሚለውን አንድ ቃል ሰው ሁሉ እንደ ቅኔ ደጋግሞ አነበበው። ዓብዱልሀኪም ያን ዕለት ቁልፉን መልሰው ሀፊዛ ፊት አኖሩት። ምክር አልሰጡም፤ አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጡ። ከእንግዲህ ሰኞ ሰኞ ሁሉም ኮምፒዩተር ተራ ይዞ ይመረመራል፤ የመጀመሪያዋ ተራ የማዕዘኗ ላፕቶፕ ናት። ተራውን የሚያወጡት ኦቦ ቦናያ ይሆናሉ። ሽማግሌው ሹመቱን ሲሰሙ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፤ ከላም ወደ ኢንተርኔት ማደጋቸው ያን ቀን እውነት ሆነ።

ክዳኑ ላይ ያለው ወረቀትም ተላጠ። ቦታው ላይ ሙጫው ብቻ ቀረ።

ሦስተኛው ሰኞ ላይ አመለወርቅ እንደ ገና ደወለች። ድምጿ በዚህ ጊዜ እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ጎረቤት ነበር። ከነገሌ ለሁለት ሳምንት አንዲት ቆሻሻ እንዳልወጣች፣ ይህን የተራ አሠራር ሪፖርት ላይ ጽፋ ለፊልቱም፣ ለሻኪሶም፣ ለክብረ መንግሥትም ልትልከው እንደሆነ ነገረቻት። ከጉድጓድ የመጣ መሆኑንም፣ የኦቦ ቦናያንም ስም አስገብታለች።

ሀፊዛ ላይ ያቺ የድሮዋ ነገር ተነሣችባት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትታፈን የቆየች ምላስ ናት። አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ እያሽከረከረች፣ ኦቦ ቦናያ ሐሳቡን ቢያመጡም በእጅ የሠራችው እሷ መሆኗን፣ ያለሷ ጣቶች ሃያ ስድስት ሱቅ በሁለት ቀን እንደማይመረመር፣ ሌሎቹ ከተሞችም ማንን መጥራት እንዳለባቸው ቢያውቁ እንደማይከፋ አስረዳቻት። ኦቦ ቦናያ በሩ ላይ ሆነው ይሰማሉ። ጉያቱም ትሰማለች፤ ስልኩ ድምጽ ማጉያው ላይ ነበር።

«ስለዚህ እህቴ፣ የእኔም ስም ሪፖርቱ ላይ ይግባ።»

«ገብቷል እኮ» አለች አመለወርቅ። «‹የችግሩ ምንጭ› የሚለው ፊት ለፊት።»